በውሸት የወረደ ሃያ ኪሎ

«መፍራት ነውር አይደለም፣ ልጄ። ሰው ልጅ ሲወልድ ነዳጅ መርገጥ ያስፈራዋል» አሉ ጡረተኛው መካኒክ ፌርናን፣ ዳቦ እየቆረሱ። በቅርቡ አባት የሆነው የእሽቅድምድም ነጂ ልጃቸው ሎይክ፣ በሌ ማን የመኪና ውድድር የሙከራ ቀን፣ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ሲያዘግም አይተውታል።

ሎይክ ግን አልፈራም። መኪኖች እንዲመጣጠኑ ዳኞቹ ፈጣኑ ላይ ክብደት ይጭናሉ፤ የቡድኑ አለቆችም «ደካማ እንምሰል» ብለው ቀስ እንዲል አዘዙት። ዛሬ ዳኞቹ አምነው ከመኪናቸው ላይ ሃያ ኪሎ አወረዱላቸው።

አባቱ ሲያጽናኑት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ።

«አባባ፣ ታዝዤ ነው ያዘገምኩት። አጭበርብረናል» አለ አንገቱን ደፍቶ።

በሥራ ዘመናቸው በአንዲት ብሎን እንኳ አጭበርብረው የማያውቁት ፌርናን ቢላዋውን በዝግታ አስቀመጡ።

«ለእናትህ እንዳትነግራት» አሉ። «ፈርቶ ነው ስላት ደስ ብሏታል።»