እማዬ ስትነካው የሚጨልመው ስክሪን

ላፕቶፕ መጠገን እንጀራዬ ነው፤ ሰው መርጦ የሚጨልም ስክሪን ግን ያየሁት እናቴ ቤት ነው።

እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋን ሸጣ በስተርጅና ኮሌጅ ስትገባ ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀባት። እሷ ጥርሷን ነክሳ የመጨረሻው ፈተና ላይ ደረሰች። ፈተናው በኢንተርኔት ነው፤ ነገ ጠዋት። የላፕቶፗ ስክሪን ደግሞ ከሰሞኑ ልትጽፍበት ስትል ድርግም ይላል።

ሱቄ ወስጄ መረመርኩት። በእጅ ባትሪ አብርቼ አየሁት፣ ከሌላ ስክሪን ጋር አገናኘሁት፣ ደህናውን ገመድ ሳይቀር ቀየርኩ። ምንም የለበትም! ቤት መልሼው እማዬ ገና እጇን ስታሳርፍበት ጠፋ። እኔ ስነካው ቦግ፣ እሷ ስትነካው እልም። ደሜ ፈላ።

«ተይው ልጄ» አለች፣ ሆድ ብሷት። «ዕቃውም አርጅተሻል እያለኝ ነው። ፈተናውም ይቅርብኝ።»

«ምን ሲደረግ!» አለ አባዬ፤ አጠገቧ ተቀምጦ ግራ እጇን ያሽላት ጀመር። አምባሩን ያየሁት ያኔ ነው።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«አባትሽ ነዋ! ስጽፍ አንጓዬን ሲያመኝ አይቶ ገዛልኝ። ማግኔት አለው፤ ሕመም ይስባል አሉት።»

እጄን በአፌ ጫንኩ። ላፕቶፕ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው በማግኔት ነው። እማዬ እጇን ባሳረፈች ቁጥር የተዘጋ እየመሰለው ስክሪኑን ያጠፋል። ይህን ስነግራቸው አባዬ ኩምሽሽ አለ።

«እኔ ነኛ ያጨለምኩብሽ?» አላት። አንጀቴን በላው።

እማዬ አምባሩን አውልቃ እሱ እጅ ላይ አደረገችው። «እስክጨርስ ጠብቅልኝ። ጠጋ ብትል ግን ወዮልህ!»

በማግስቱ ፈተናው እስኪያልቅ በሩ ላይ ተገትሮ ዋለ። አንገቱን ባስገባ ቁጥር «ወደዚያ!» ይባላል። ውሃ እንኳ የላከላት በእኔ እጅ ነው።

በመጨረሻ «አሁን ና!» አለችው። አምባር ያለበትን እጁን ወደ ኋላ ደብቆ ገባ። መነጽሩን ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ እሷው አነበበችለት፦ «አልፈዋል።»

አባዬ አለቀሰ፤ እኔም አልቀረልኝም። እማዬ የደበቀውን እጁን ስባ የፊደል መምቻው ላይ አሳረፈችው። ስክሪኑ ጠፋ።

«በቃው፣ ይረፍ» አለች። እጁን ግን አልለቀቀችም።