ሁለቱ የሰልማን እናቶች

በእኛ አገር ሴት ወንድ ልጅ ከወለደች በኋላ በገዛ ስሟ የሚጠራት እናቷ ብቻ ናት። እናቷ ከሞተች ማንም አይጠራትም። የልጇ እናት ትባላለች፤ ስሟን ወንዶች በተቀመጡበት መጥራት ነውር ነው። እኔ ስላላገባሁ ናጅያ እባላለሁ። ይህን የምጽፈው ስህተቱ የእኔ ስለነበረ ነው።

ሰለምያ ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት የበጎ አድራጎት ክሊኒክ መዝገብ ያዥ ነኝ። ነርስነት አልተማርኩም። ያነበብኩት የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ዊዳድ አርጅተዋል ብላ የተወቻቸውን መጻሕፍት ነው። ሥራዬ በአብዛኛው መስማት ነው፤ ሴቶቹ ለሐኪሟ የማይሉትን ተራ ሲጠብቁ ለእኔ ይሉኛል።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ የማሕፀን በር ነቀርሳ የሚያመጣውን ቫይረስ የሚለይ የምርመራ ዕቃ በእርዳታ መጣ። ለስልሳ ሴት የሚበቃ ነበር። ነቀርሳን በስሙ አንጠራውም፤ «ያ በሽታ» ነው የምንለው። መጀመሪያ ላይ ሴቶቹ አልመጡም። «እሱ የፈረንጅ ነው፣ እኛ ዘንድ የለም» ይሉ ነበር። ዶክተር ዊዳድ «ያልፈለጉት ዕቃ መቼ ተገኝቶ ያውቃል?» አለቻቸውና ቀስ በቀስ መጡ።

አንድ ማክሰኞ ፊርዶስ የምትባል የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት መጣች። ጎረቤቴ ስለሆነች ስሟን አውቃለሁ፤ ሰው ሁሉ ግን የሰልማን እናት ነው የሚላት። ማቴ የሚባለውን ቅጠል በፍል ውኃ የምትጠጣበትን ጣሳና የብረት መምጠጫዋን በቦርሳዋ ይዛ ነው የምትዞረው፤ ተራ ስትጠብቅ ፍል ውኃ ትለምነኛለች። ናሙናዋ የገባበት ብልቃጥ ላይ የሰልማን እናት ብዬ ከነዕድሜዋ ጻፍኩ። ከእሷ ኋላ ቀጠን ያለች፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት ሴት ቀረበች። ስሟን ስጠይቃት ጥርሳቸውን ሊታዩ የመጡትን ወንዶች በዓይኗ አሳየችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የሰልማን እናት በይኝ» አለች። እንዳታፍር ብዬ እንዳለችኝ ጻፍኩ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ወረቀቶቹ ከደማስቆ ተመለሱ። ቀጭኗ ሴት ቀድማ መጣች። መጀመሪያ እጄ ላይ የወጣውን «የሰልማን እናት» የሚል ወረቀት ለሐኪሟ ሰጠሁ። ንጹሕ ይላል። «ከአምስት ዓመት በኋላ ተመለሺ» ተባለች። ስትወጣ ትከሻዬን ሳመችኝ። በማግስቱ ፊርዶስ መጣችና ሁለተኛው ወረቀት ደረሳት። ዓይነት ዐሥራ ስድስት አለ ይላል፤ ከቫይረሱ ዓይነቶች ሁሉ የሚፈራው እሱ ነው። የሚተላለፈውም በወንድና ሴት ግንኙነት ነው።

ፊርዶስ በዐሥራ አንደኛው ቀን ለምርመራ ተመለሰች።

«ባልሽ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ሰገነት ላይ ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

«ይተኛል። ከርግቦቹ ጋር። ካስወጣሁት ዛሬ ዐሥራ አንድ ቀኑ።»

ዶክተር ዊዳድ ጓንቷን እያጠለቀች «አንቺ ሴት፣ ከማን እንደመጣ አይታወቅም፣ ከሃያ ዓመት በፊት የገባም ሊሆን ይችላል አላልኩሽም?» አለቻት።

«ብለሽኛል። ከሃያ ዓመት በፊት ነዋ አሌፖ እየተመላለሰ ሳሙና ይነግድ የነበረው።»

ሐኪሟ ኮምጣጤውን ቀብታ በመብራት አየቻት። ደጋግማ አየች። የታመመ ሥጋ በኮምጣጤ ይነጣል፤ ነጣ ያለ ነገር ግን አላገኘችም። ከዚያ ወረቀቱን አንሥታ ከላይ ጀምራ አነበበች።

«ዕድሜ ሠላሳ አራት» አለች።

ፊርዶስ ከተኛችበት ሆና «ማን ነው የጻፈው? እጁ ይባረክ» አለች።

እኔ ግን ገባኝ። ሄጄ የሌላኛዋን ወረቀት ግልባጭ አመጣሁ። ዕድሜ ሃምሳ ሁለት ይላል። ሁለት ጊዜ በእጄ አልፎ አንድ ጊዜ እንኳ ከስሙ በታች አላየሁም።

ዶክተር ዊዳድ አልጮኸችብኝም። «ናጅያ፣ የዚያችኛዋ ስም ማን ነው?» አለችኝ።

«የሰልማን እናት።»

«ስሟን ነው የጠየቅኩሽ።»

«አላውቅም።»

መነጽሯን አወለቀች። «ቫይረሱ ያለባትን ሴት ንጹሕ ነሽ፣ እስከ አምስት ዓመት አትምጪ ብያታለሁ» አለች። አምስት ዓመት ምን ሊያደርግ እንደሚችል አንብቤአለሁ።

ፊርዶስ ልብሷን እየለበሰች «ታዲያ እኔ የለብኝም?» አለች።

«የለብሽም።»

ትንሽ አሰበች። «ዛሬን እዚያው ይደር። ነገ እነግረዋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ያቺ ቀጭኗን ከሆነ የምትፈልጊው፣ በምሥራቁ መንገድ የተፈናቃዮቹ ሰፈር ናት። ያኔ ተራ ስንጠብቅ ከሙን አረም ላይ ነው የምንውለው ብላኛለች። አሁን አጨዳ ላይ ትሆናለች» አለችኝ።

በማግስቱ ከንጋት ጸሎት በኋላ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩት፤ ስህተቴ በሌላ ሰው አንገት እንዳይጠመጠም።

ከሙን በእጅ ነው የሚነቀለው፣ ጤዛው ሳይደርቅ። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው መስመር ይዘዋል። ማሳው ዳር በተወጠረ ማዳበሪያ ጥላ ሥር አንዲት አሮጊት ወንፊት ይዘው ያበጥራሉ። ሰላምታ ሰጥቼ «እማማ፣ የሰልማንን እናት ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«የትኛዋን? እዚህ ሦስት አሉ።»

«ቀጭኗን።»

«እዚህ ጠግቦ የወፈረ ማን አለ፣ ልጄ?»

«ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት።»

ወንፊቱ ቆመ። «የልጄ ሚስት ናት። ምን አጠፋች?»

«እሷ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የእሷን ወረቀት ለሌላ ሴት ሰጥቼባታለሁ።»

«እና የእሷ ምን ይላል?»

«ለእሷ ነው የምነግራት፣ እማማ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠሯት፤ የሰልማን እናት ብለው። እውነትም ሦስት ሴቶች ቀና አሉ።

ከውኃ መሳቢያው ሞተር ኋላ ወስጄ ነገርኳት። ያኔ የሰማችው የሌላ ሴት መሆኑን፣ በእሷ ላይ ቫይረሱ መገኘቱን፣ ይህ ማለት ታማለች ማለት እንዳልሆነ፣ ግን ሐማ ከተማ ሆስፒታል ሄዳ መታየት እንዳለባት። እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርግ ነበር።

«ከምን ይመጣል?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«ባሌ ጃሲም ከፍተሻ ኬላ ከተወሰደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።»

«ዶክተሯን ጠይቄ ነው የመጣሁት። ከዚያም በላይ ተደብቆ ይቆያል። ከማን እንደመጣ፣ መቼ እንደመጣ ማንም ሊያውቅ አይችልም።»

«አንቺ ታምኚያለሽ፣ እቴ። እሳቸውስ?» በራሷ ወደ ጥላው ጠቆመች። «የምኖረው በእሳቸው ቤት ነው። ሳልነግራቸው ሐማ መሄድ አልችልም። ብነግራቸው ደግሞ ባሏ የሌለ ሴት ይህን ከየት አመጣች ይላሉ። ልጄን ነጥቀው ያስወጡኛል። ሰልማን ዐሥር ዓመቱ ነው።»

«ወረቀት ተሳስቷልና ድጋሚ ትታይ ብዬ ልንገራቸው? ውሸት አይደለም።»

መስመሩ ላይ ያሉት ሴቶች እኛን እያዩ ቀስ ብለው ይነቅላሉ።

«አይሆንም» አለች መጨረሻ ላይ። «ነገ ከሌላ አፍ ይሰማሉ። ሁሉንም ንገሪያቸው። ከእኔ ከወጣ ሰበብ ይመስላል።»

ስሟን ጠየቅኳት። ኹዛማ አለችኝ።

ተመልሰን ጥላው ሥር ተቀመጥን። እኔ ስናገር አሮጊቷ እያበጠሩ ነበር። ገለባው በነፋስ ወደ ልብሴ ይመጣል። ስጨርስ ዘሩን በመዳፋቸው አገላበጡት።

«ዘጠኝ ዓመት ይተኛል ነው የምትይኝ?»

«ከዚያም በላይ፣ እማማ።»

«እንደ አረም ዘር። የሞተ ሲመስል ዝናብ ያገኛል።»

«እንደዚያ በሉት።»

«እንግዲያ የጃሲም ነው።»

ኹዛማ መሬት መሬት ታያለች። አዎን ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን የማላውቀውን አውቃለሁ ማለት አልቻልኩም። «ዶክተሯ ከማን እንደሆነ አይታወቅም ነው የምትለው። ሐሰት አልነግርዎትም» አልኩ።

«እኔ ዶክተሯን አልጠየቅኩም» አሉ። «የጃሲም ነው አልኩ። ይህችን ልጅ ከዐሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፣ ዘጠኙን ዓመት ከጎኔ ነው የተኛችው። ከእሱ የቀረን አንድ ጃኬት ነበር፣ እሱንም ብል በላው።» ወንፊቱን አስቀመጡ። «ሐማ መቼ ነው?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ አጨዳ አለ። ቢሆንም እንሄዳለን።»

ሐሙስ ሦስታችንም ሄድን። የሐማው ሐኪም በማጉያ መነጽር አይቶ የታመመ የሚመስለውን ሥጋ በቀጭን የሽቦ ቀለበት ቆርጦ አወጣና ብልቃጥ ውስጥ አስገባው። ነርሷ ብልቃጡን ይዛ መተላለፊያው ላይ ወጣች። ባሎችና ወንድሞች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«የማን ነው?» አለች ነርሷ።

ኹዛማ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ ወጥታ ነበር። «የሰልማን እናት» አለች ከልማድ፤ ነርሷም መጻፍ ጀመረች።

አሮጊቷ የነርሷን ክንድ ያዙ። «የኔ ልጅ፣ በዚህ አገር ስንት የሰልማን እናት እንዳለ ታውቂያለሽ? ሰርዢው። ኹዛማ በይ። የአባቷንም ስም ጻፊ።» ወንዶቹ ዞረው አዩ። «ምን ታያላችሁ? የእናታችሁ ስም ጠፋባችሁ?» አሏቸው። ከዚያ እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ብልቃጡን ወደ እኔ አዞሩት። «አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው።

ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። በእነዚያ ሳምንታት የክሊኒኩን ብልቃጥ ሁሉ በሙሉ ስም ከነዕድሜው ስጽፍ ከረምኩ፤ ሴቶቹ እንዳያፍሩ ጠረጴዛዬን ወንዶቹ ከሚጠብቁበት ወደ ውስጥ ክፍል አስገባሁት። የፊርዶስ ባል ከሰገነት ውረድ ቢባል ርግቦቹ አያንኮራፉም ብሎ አንድ ሳምንት ጨመረ።

ወረቀቱን እኔው ራሴ ወሰድኩት። አጨዳው አልቋል፤ ሁለቱ ደጃፍ ላይ ጆንያ ይሰፋሉ። ዶክተር ዊዳድ ያስረዳችኝን ቃል በቃል ነገርኳቸው፦ ሥጋው ተለውጦ ነበር፣ ወደ ነቀርሳ ግን አልተሻገረም፣ የተቆረጠው ጠርዝ ንጹሕ ነው፣ በስድስት ወር ደግማ ትታያለች። ኹዛማ መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰክታ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

አሮጊቷ ግን «ቆይ» አሉኝ። «ስሙን አንብቢ።»

«ኹዛማ» ብዬ ከነአባቷ አነበብኩ።

«ዕድሜዋስ?»

«ሠላሳ አራት።»

«የእሷ ነው» አሉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።