ቀጥ ያለው ወለል

«በል ክፈተው!» አሉ ሽማግሌው፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ እንደ ሠርግ ታዳሚ ተደላድለው።

ልብስ ሰፊው ልጃቸው ሻወሩን ከፈተ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሱቁን ዘግቶ፣ ጉልበቱ እስኪላጥ ተንበርክኮ በገዛ እጁ ያነጠፈው ነጭ ሴራሚክ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ያበራል። አንድም ዝንፍ ያለ ጠርዝ የለውም። ሰፈሩ ልጁን «ሚሊሜትር» የሚለው በከንቱ አይደለም፤ ዳቦ ሲቆርስ እንኳ በዓይኑ ይለካል ይባላል።

ውሃው ግን ወደ ቀዳዳው አልሄደም። ወለሉ ላይ ተኛ፤ መንገድ እንደጠፋው ሰው ጥቂት አመነታና ወደ በሩ አዘገመ። ተሽከርካሪ ወንበሩ እንዲገባ ሲባል የበሩ ደፍ ተነሥቷል፤ ስለዚህ የሚያስቆመው አላገኘም። ሰተት ብሎ የሽማግሌው መኝታ ክፍል ገባ።

ልብስ ሰፊው ሻወሩን ቶሎ ዘጋና ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አጋደመ። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ። አዞረው፤ አሁንም መሃል።

«ልክ ነው እኮ» አለ ለራሱ።

ሽማግሌው መሳቅ ጀመሩ። በሽታው ግራ ጎናቸውን ከወሰደው ወዲህ የሚስቁት በግማሽ አፋቸው ነው፤ ግማሹም ቢሆን ለሁለት ሰው ይበቃል።

«ልክ ነው እንጂ! ማን ልክ አይደለም አለህ? ቀጥ ማለት ያለበት ሱሪ ነው፣ አንተ ሰፊ። የሻወር ወለል ለቀዳዳው ይሰግዳል!»

«አይተውት ነበር እንዴ አባባ?»

«ከመጀመሪያዋ ሴራሚክ ጀምሬ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«አንተ የሱሪ እግር ስታሳጥር እኔን ታማክራለህ?»

ሽማግሌው አርባ ዓመት ሴራሚክ ሲያነጥፉ የኖሩ ባለሙያ ናቸው። ልጃቸውን በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሥራ ቦታ ወስደውት ነበር። ቀኑን ሙሉ የለጠፈውን ግድግዳ በመዶሻ አርግፈው፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ሂድና መርፌ ያዝ!» አሉት። ታዛዥ ልጅ ነውና ሄዶ መርፌ ያዘ።

የዛሬው ግን በሳቅ የሚያልፍ አልነበረም። ባለፈው ወር ልጅየው አባቱን በሳፋ ሲያጥብ አንሸራቶት ሁለቱም ተያይዘው ወድቀዋል። ታላቅ እህቱ ይህን ስትሰማ ቁርጡን ተናገረች፦ ሽማግሌው ተቀምጠው የሚታጠቡበት ሻወር እስከ ነገ እሑድ ካላለቀ ወደ ራሷ ቤት ትወስዳቸዋለች። የእሷ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት ከውጭ ቆልፋ ትወጣለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። ሽማግሌው ያንን ቤት «ቁም ሳጥኑ» ነው የሚሉት፤ «ኮት ነኝ እንዴ እዚያ የምሰቀለው?» ይላሉ። ያም ሆኖ ሁለት ሳምንት በሩ ላይ ተቀምጠው ስሕተቱ ሴራሚክ በሴራሚክ ሲያድግ እያዩ ዝም አሉ። የሰው መውደቅ ሲጣፍጥ የራስን ጉድጓድ ያስረሳል።

ልብስ ሰፊው እርጥቡ ወለል ላይ ቁጢጥ አለ። አልተቆጣም። የደንበኞቹን ልኬት የሚጽፍበትን ደብተር አወጣ።

«እሺ አባባ» አለ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እንዴት ነው የሚሠራው?»

የሽማግሌው ሳቅ ቆመ። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

«መጀመሪያ ይህንን ሁሉ ታነሣለህ። አታዝንለት። ከዚያ ከአራቱም ማዕዘን ወደ ቀዳዳው ክር ትወጥራለህ። በየሜትሩ ሁለት ሳንቲም ዝቅ።»

«ሁለት?»

«ሁለት። ከዚያ ካለፈ እንደኔ ያለውን ያንሸራትታል።»

«ሴራሚኮቹስ ይጠጋጋሉ?»

«አንተማ ስፌቱ እንዳይታይ ብለህ አጣበቅሃቸው!» አሉ፣ አሁን ግን በፍቅር። «ክፍተት ተውላቸው፤ ፉጋ የሚሉት ቀጭን ማጣበቂያ ይሞላበታል። ሴራሚክም ሲሞቀው ይነፋል፤ መተንፈሻ ይፈልጋል።»

ልብስ ሰፊው ሁሉንም ጻፈ። ስሚንቶው ስንት በስንት እንደሚቦካ፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ ቀዳዳው ዙሪያ እንዴት እንደሚቆረጥ ጠየቀ። ሽማግሌው በደህናው እጃቸው አየር ላይ ክር እየወጠሩ መለሱለት። ፊታቸው በራ። ለሐጫቸው ሲወርድ ልጃቸው በሸሚዙ እጅጌ ጠረገላቸው፤ እነሱም ቤት አባትና ልጅ የሚባል ነገር ያለ መሰለ።

«ጭንቅላት አለህ እኮ፣ ልጄ» አሉ። «ለእህትህ እስከ ሐሙስ ታገሺን በላት። እኔ እዚሁ በሩ ላይ ሆኜ አንድ በአንድ አሳይሃለሁ።»

«ሌላ የቀረ ነገር አለ፣ አባባ?»

ሽማግሌው አሰቡ። «የለም። ሙያው ይኸው ነው።»

ስልኩ ጠራ። እህትየው ናት፤ ድምጿ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው።

«እህሳ? አለቀ ወይስ ነገ ልምጣ?»

ሽማግሌው አራት ጣታቸውን አንሥተው አወዛወዙ፤ አራት ቀን፣ አራት ቀን ብቻ።

ልብስ ሰፊው ጣቶቹን አያቸው። ደብተሩን ዘግቶ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ነገ ምን ያደርጋል፣ እታለም» አለ። «ዛሬውኑ ነይና ውሰጃቸው።»

«ውይ! ሻወሩስ ታዲያ? ያ ሁሉ ልፋት?»

«ለሻወሩ አታስቢ። አሠራሩን በደንብ ነግረውኛል።»