ቲቸር ለፈተና የተቀመጡ ጊዜ

መምህር ገብረእግዚአብሔር ከደብረ ማርቆስ ወደ አርባ ምንጭ የተመደቡት ጎፈሬያቸውን አበጥረው የሚወጡ ወጣት ሳሉ ነበር። ጡረታ እስኪወጡ እንግሊዝኛ አስተማሩ። ከጡረታ በኋላም እጅን አጣምሮ መቀመጥ አልሆነላቸውምና፣ ሴቻ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ጓሮ ከማንጎው ዛፍ ሥር ጥቁር ሰሌዳ አቁመው፣ ውጭ አገር ለመማር የሚሹ ወጣቶችን አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ያዘጋጁ ጀመር። በሰዋስው የሚደፍራቸው አልነበረም።

ከተማሪዎቻቸው ሁሉ የሚሳሱት ለልክነሽ ነበር። ልክነሽ የካምባ ልጅ ናት፤ ሲቀላ ሰፈር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ። በጋሞኛ አፏን ፈትታ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት ለምዳ፣ አሁን ደግሞ በሦስተኛ ቋንቋ ልትፈተን ነው። አንድ የስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲ ሊቀበላት ፈቅዶ የቀረው የእንግሊዝኛ ውጤቷ ብቻ ነበር። እሷ ግን የምዝገባው ቀን በቀረበ ቁጥር ወይ ያማታል፣ ወይ ተረኛ ትሆናለች።

"ለመሆኑ ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?" አሏት አንድ ቅዳሜ፣ ተማሪው ሁሉ በተሰበሰበበት።

"ቲቸር፣ አይቆጡኝና፣ እርስዎ ተፈትነው ያውቃሉ?"

መምህሩ ጠመኔውን በጣታቸው አሽከረከሩ። በእሳቸው ዘመን እንዲህ ያለ ፈተና የት ነበርና! ነገር ግን "አላውቅም" ማለት በተማሪ ፊት ሞት ሆነባቸው።

"አብረን እንፈተናለን!" አሉ።

የደነገጡት ቃሉ ካመለጣቸው በኋላ ነው። ተማሪው እያጨበጨበ ስለነበር መመለስም አልተቻለም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለቴ ወሬውን ከጎረቤት ሰምተው ጠበቋቸው። "በስተርጅና ፈተና! ብትወድቅስ?"

"እኔ? በእንግሊዝኛ?"

"እስቲ መጀመሪያ በአማርኛ የምልህን ስማ።"

"ምን አልሽ?"

"ምንም!" አሉ ወይዘሮ ወለቴ፣ ፊታቸውን ወደ ድስቱ አዙረው። መምህሩም ሴትዮዋ ከዕለት ወደ ዕለት እየተለጎሙ መሄዳቸው አሳዘናቸው።

አዲስ አበባ የሄዱት በአንድ አውቶቡስ ነው። ልክነሽ እስከ ሶዶ ከደብተሯ ቀና አላለችም፤ መምህሩ ግን ብርቱካን እየላጡ ያቀብሏታል፣ "አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ" ይሏታል። በልባቸው ግን፣ ከተማሪዎቼ ባንስስ? ሴቻን እንዴት አድርጌ እሻገራታለሁ? እያሉ ነው የተጓዙት።

በማግስቱ አዳራሹ በወጣት ተሞልቷል። አንዱ ፈታኝ መስለውት ተነስቶ ወንበር ለቀቀላቸው። የማዳመጡ ክፍል ሲጀመር ቴፑ ከፊት ለፊት አንድ ነገር አጉረመረመ። መምህር ገብረእግዚአብሔር አንገታቸውን አሰገጉ። ማሽኑ የተበላሸ መሰላቸውና እጃቸውን አወጡ።

"ድምፁ ይጨመር!" ብለው በእንግሊዝኛ ጮኹ።

ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው፣ "አባት፣ ድምፁ የመጨረሻው ላይ ነው፤ እባክዎ ሌሎቹን አይረብሹ" አላቸው።

ዘወር ብለው ቢያዩ ተፈታኙ ሁሉ አቀርቅሮ ይጽፋል። ልክነሽም ትጽፋለች። ያኔ ነገሩ ገባቸው። የተረፈውን መልስ በግምት ሞሉና እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

ንባቡንና ጽሑፉን ግን እንደ ድሮው አንበሳ ሆነው ነው የተወጡት። በቃል ፈተናው ደግሞ ፈታኟ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ አፏን ከፍታ ስለምታወራ አንድም ቃል አላመለጣቸውም። ስለ ሥራቸው ጠየቀቻቸው። የዝናብ ጊዜ ቆርቆሮው እየጮኸባቸው ስላስተማሩበት ክፍል ሲያወሩ ሰዓቱ ማለቁን ብትነግራቸውም ቀጠሉ፤ እሷም እየሳቀች በሩ ድረስ ሸኘቻቸው።

"ቴፑ እንዴት ነበር?" ብለው ልክነሽን ጠየቁ፣ ከግቢው ሲወጡ።

"ጥርት ያለ ነው ቲቸር!" አለች ፊቷ እየበራ። ወዲያው የእሳቸውን ፊት አየችና ሳቋን ሰበሰበች። ለወትሮው ጥያቄ ስትጠይቃቸው ለምን አፍ አፏን እንደሚያዩ አሁን ገባት። "ሰኞ ጤና ጣቢያ ይምጡ። እምቢ እንዳይሉኝ።"

አላሉም። ጤና መኮንኑ ጆሯቸውን በመብራት ሲያይ ኩክ እንደ ጠጠር ደርቆ ሁለቱንም ደፍኗል። ጠብታ ተሰጣቸው፤ ሲለሰልስ ልክነሽ ራሷ በለብታ ውሃ አጠበችላቸው። እንደወጡ የባጃጁ ጩኸት አስበረገጋቸው። ማንጎው ላይ ያሉት ወፎች ጉባኤ የተቀመጡ መሰላቸው። ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው፣ "ምን አሉህ?" ብለው ተቀበሏቸው።

"አንቺ ሴት፣ ምን ያስጮህሻል?"

"ሳልጮህ መች ትሰማ ነበር!" አሉ ወይዘሮ ወለቴ። ከዚያ የሆነውን ሲረዱ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ መምህሩም አብረው።

ውጤቱ ሲመጣ ልክነሽ ከሚፈለግባት በላይ አገኘች። መምህሩ በንባብ ከዘጠኝ ዘጠኝ፣ በማዳመጥ አራት። ወይዘሮ ወለቴ ወረቀቱ ከመሳቢያ እንዳይወጣ መከሩ። እሳቸው ግን አንድ ሌሊት ካሰቡበት በኋላ አራቷን በቀይ ከብበው ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ለጠፉት።

"ይኸው፣ የአስተማሪያችሁ ነው። አፈር አልበላኝም። አሁን ማን ነው የሚመዘገብ?"

ሲፈሩ የከረሙት ሁሉ እጃቸውን አወጡ። ደግሞም ቲቸር አሁን እያንዳንዷን የተሳሳተች ድምፅ እየሰሙ መቆጣት ስለጀመሩ፣ ከእሳቸው ፈተናው ሳይሻል አይቀርም የሚሉ ነበሩ።

ልክነሽ መስከረም ላይ ሄደች። በደረሰች በሳምንቱ ደወለች።

"ቲቸር፣ ጉድ ሆንኩ! እዚህ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ፈተናው ላይ አልነበረም! ባስ ነጂው ያለኝን እስካሁን አላወቅሁትም።"

"ታገሺ ልጄ። እኔም አርባ ምንጭ ስመጣ ጋሞኛው የወፍ ቋንቋ ይመስለኝ ነበር።"

"እስከ ዛሬስ ለሰላምታ ከሚሏት ከሳሮ ሌላ ምን ያውቃሉ?"

መምህር ገብረእግዚአብሔር ስልኩን እንደያዙ በሳቅ ፈነዱ። "እንግዲያው ጀምሪ፣ አስተምሪኛ" አሏት፤ ጠመኔ አንስተውም ወደ ሰሌዳው ሄዱ።