ፒያኖው የመጣ ዕለት

«ሐዘን ቤት ነው ስትላቸው የፒያኖ ሱቆቹ ምን አሉ?» አለች የሟቿ ታላቅ እህት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ከፈለግህ ከሳምንት በኋላ እናምጣው አሉ።»

«አንተስ?»

«አምጡት አልኩ።» የሟቿ ባል፣ ሹፌሩ፣ ስልኩን ኪሱ ከቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሚስቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኑ ነው። እስካሁን እንባ አልወጣውም። ሰው ይገባል፣ «እግዜር ያጥናህ» ይላል፣ ተቀምጦ ይወጣል። እሱም አንገቱን ይነቀንቃል። ሻይ ይሰጡታል፤ እጁ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ይቀበሉትና ሌላ ይሰጡታል።

«በለቅሶ ቤት ፒያኖ!» ሹክ አለች አንዷ።

«ደንዝዞ ነው፣ ተይው።»

ሟቿ የሙዚቃ አስተማሪ ነበረች። አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ሲያገኙ አሮጌው ፒያኖዋ በደረጃው አልወጣ ብሎ ለትምህርት ቤቱ ሰጠችው። «ግልግል ነው» አለች እየሳቀች። ከዚያ ወዲያ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሳህን ከተነሣ በኋላ የምግብ ጠረጴዛው ላይ በጣቶቿ ትጫወት ነበር። አንድ ቀን አንጀቱ አልችል አለና፣ «ተነሺ፣ እንግዛ» አላት።

ስድስት ሱቅ ዞሩ። ሁሉንም ነካ ነካ እያደረገች ትተዋለች። «ሁሉም ያው አይደል እንዴ?» ብሎ ተነጫነጨ።

በስድስተኛው ሱቅ ሻጩ፣ «ይኼ ዲጂታል ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ትልቁ ግራንድ ፒያኖ የእንጨት ቁልፍና እውነተኛ መዶሻ አለው። የሌለው ክር ብቻ ነው። ቀለል ስለሚል በደረጃም ይወጣል፤ በጆሮ ማዳመጫ ቢጫወቱ ጎረቤት አይሰማም» አለ።

ነካችው፤ መልሳ ነካችው። ከዚያ ባሏን ጎትታ አስቀመጠችው።

«ተጫን። ቀስ! አንተ ደግሞ፣ የመኪና ጥሩንባ መሰለህ? ታች ሊደርስ ሲል ትንሽ ጎርበጥ አላለህም?»

«አለኝ።»

«ፍሪሲዮን የት ጋ እንደሚይዝ እግርህ ያውቅ የለ? ጣትም እንደዚያ ነው። የቅድሞቹ ይኼ የላቸውም።»

ገባው። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ከሥራዋ እንዲህ ቁልጭ ብሎ የገባው ነገር አልነበረም።

«በቃ፣ ይኼ ነው» አለ እሱ ራሱ።

ከመጋዘን እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ጠብቁ ተባሉ። በዘጠነኛው ቀን፣ ክፍል ውስጥ እያስተማረች፣ ልቧ ቀጥ አለ።

አሁን ሦስት ሠራተኞች ላብ እያጠመቃቸው አራት ፎቅ ተሸክመውት መጡ። ለቀስተኛው ብድግ ብድግ ብሎ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አስጠጋ።

«ማን ሊነካው ነው?» አለች እህትየው። «አሁንም አልረፈደም፣ ይመልሱት።»

«እሷ የመረጠችው ነው» አለ ሹፌሩ።

እህትየው ተነሣችና በሻርፗ ጫፍ የፒያኖውን ክዳን ትጠርግ ጀመር፤ አቧራ እንኳ አልነበረውም።

ሁለቱ ወርደው አንደኛው ሠራተኛ የኤሌክትሪክ ገመዱን ሰክቶ መቀመጫውን ገጣጠመ። «ይኼ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በማን ልክ ላድርገው? በእርስዎ?»

ሹፌሩ ረጅም ሰው ነው። ከተቀመጠበት ተነሣ፣ መዳፉን ወደ ታች አዙሮ ደረቱ ትይዩ አቆመው።

«እዚህ ድረስ ናት» አለ።

ሠራተኛው መቀመጫውን ዝቅ አደረገ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። የሹፌሩ እጅ ገና አልወረደም።