ሞጣ ላይ የተዘለለ ስም

ጎጃም እስከ ዛሬ የራሱን ዘውድ የያዘ አገር ነው። የዘውዱ ሕግ አጭር ነው፤ የነገሠው ሰው ስም እሑድ እሑድ በብቸናም በሞጣም ቅዳሴ ከተጠራ መንግሥቱ ጸንቷል፤ ከሁለቱ በአንዱ ከተዘለለ አብቅቷል። አገሩን የሚያስተዳድረው ሸንጎ ዘውዱን ለማስወገድ ከፈለገ ቆይቷል፤ ግን የሚቀድሰው ካህን ካልተባበረው ምንም ማድረግ አይችልም።

ስለዚህ ንግሥት ሰሎሜ ቅዳሜ ከሰዓት ብቸና ላይ ሬዲዮ ስትከፍት ዘውዱ ሊያበቃ ነው የሚለው የሸንጎው ዛቻ አላስደነገጣትም። ከወንበሯ ያስነሳት ቀጥሎ የተነበበው ነው። "ንግሥቲቱ ራሳቸው 'ዘውዱ አንገቴን ሰበረው፤ ባወልቀው ባረፍኩ' ማለታቸው ተረጋግጧል።"

ብላለች። ቃል በቃል ብላለች። የተናገረችው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጾሙ ሊገባ ሲል ንስሐ ስትገባ፣ ከነፍስ አባቷ ከመምሬ ስጦታው መስቀል ሥር ተንበርክካ። ነገ ሞጣ ላይ የሚቀድሱትም እሳቸው ናቸው።

"ሌላ ሰው ሰምቶ ይሆናላ፣ እመቤቴ" አለ ሾፌሯ ቢያድግልኝ፣ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ጉንደ ወይንን እያለፉ።

"በሩ ተዘግቶ ነበር።"

"ከአሽከሮቹ አንዱ ጆሮውን ለጥፎ…"

"በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ቢያድግልኝ። ውጭ የቆምከው ደግሞ አንተ ነህ።"

ቢያድግልኝ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ፍጥነት ጨመረ።

ሞጣ ሲደርሱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከሴቶቹ መሐል ቆመች። ማንም አላወቃትም። በቅዳሴው የነገሠው ሰው ስም የሚጠራበትን ቦታ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ከጳጳሱ ስም ቀጥሎ ነው፤ አሁን የእሷ ነው። መምሬ ስጦታው የጳጳሱን ስም ጠሩ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ጸሎት ተሻገሩ። አላሳላቸውም፤ ዜማውም አልተሰበረባቸውም። የተለማመዱት ይመስል ነበር።

"ሰማሽ? ዘለሏትኮ!" አለች አጠገቧ ያለች ሴት።

"ምን ይደረግ፣ ደክሟታል አሉ" አለች ሌላዋ። "እኔስ ስንት ዘመኔ ከደከመኝ! የሚያሳርፈኝ ጠፋ እንጂ።"

ሁለቱም በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ቅዳሴው ሲያበቃ መምሬ ስጦታው በሩ ላይ ቆመው መስቀል ማሳለም ጀመሩ። ተራዋ ሲደርስ ሰሎሜ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። የመምሬ እጅ አየር ላይ ቀረ።

"ልጄ…" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከነገሠች ወዲህ ከንስሐ ውጭ እንዲህ ጠርተዋት አያውቁም። "ደክሞኛል ብለሽኝ የለ? እንድታርፊ ብዬ ነው።"

"ደክሞኛል ያልኩት ለእግዚአብሔር ነው፣ አባ። እርስዎ መሐል ላይ ነበሩ።"

"ሸንጎው ምንም አይነካሽም። ቤትሽም አይወሰድም። ቃል አስገብቻቸዋለሁ።"

"ዘውዱንስ ይውሰዱት። ከእንግዲህ የሆዴን ለማን ልናገር?"

መምሬ ስጦታው ሲጨንቃቸው፣ እንደ ልማዳቸው መስቀሉን ወደ ከንፈሯ አስጠጉ። በሕይወቷ መስቀል ሳትሳለም ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ አታውቅም። አየችው፤ ራሷን ግን ዝቅ አላደረገችም።

ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች መንጎራጎር ጀመሩ። ቅድም "የሚያሳርፈኝ ጠፋ" ብላ የሳቀችው ሴት ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

"እቴ፣ ካልተሳለምሽ እለፊልን።"

ሰሎሜ አለፈች።