ሁለተኛው ስም

የጨዋታ ፈታሹ ጋስፓር የእንከን ሪፖርቱን ወረቀት የሶሌን ኪቦርድ ላይ አስቀመጠና ካልፈረምሽ አልሄድም ብሎ ቆመ። አምስት ሰዓት ከሃያ ነው። ልክ በስድስት ሰዓት «የመስታወት ወደብ» ለዲስክ አታሚዎቹ ይላካል። ስድስት ዓመት የተለፋበት ጨዋታ ነው፤ የሥራው ኃላፊ ሶሌን ናት። ቀኑ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ የሞንትሪያል ጋዜጦች ሳይቀሩ ተሳልቀውባታል።

"ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ለመንኩ" አለ። "ጨዋታውን የሚያስቆም አንደኛ ደረጃ እንከን ሁለት ሰው አይቶ ካልፈረመበት አይቆጠርም። ከእኔ ስም በታች ባዶ ነው።"

"ማንም ስላላየው ነዋ።"

"ማየት ስላልፈለጉ ነው። ስሙን የጻፈ ሰው ጨዋታውን አስቆመ ሊባል ነው። ማን ይደፍራል?"

ጋስፓርን ቢሮው ሁሉ «ቆራሌው» ይለዋል። ሌሎቹ ፈታሾች በየጠዋቱ አዲስ ጨዋታ ጀምረው ማታ ይጥሉታል፤ አሠራሩም እንደዚያ ነው። እሱ ግን ወር ሙሉ በአንድ ጨዋታ እየዞረ ያገኘውን ማንኪያ፣ የተሰበረ ጃንጥላ፣ አንድ እግር ጫማ ሳይቀር ይለቅማል። ከትናንት ወዲያ የለቀመው ዕቃ ከመጠን አልፎ ያስቀመጠው ጨዋታ አልከፈትም አለው።

"አንተን መሳይ ለቃሚ ከየት ይመጣል?"

"ሚሊዮን ሰው ሊጫወተው አይደል? አንድ ሺህ ቆራሌ አይጠፋም።"

ስልኳ ጮኸ። ዋናው አለቃ ፍራፒየ ነው።

"ሶሌን፣ የዚያን ልጅ ነገር ጨርሽው። ሁለተኛ ደረጃ በይውና ይለፍ። በኋላ በኢንተርኔት እናስተካክለዋለን።"

"ሰሜን ያሉት ኢንተርኔት የሌላቸውስ?"

"እነሱ ይታገሱ። እኔ ግን ከእንግዲህ አንድ ቀን አልታገስም" ብሎ ዘጋው።

ሶሌን ንዴቷን ያወጣችው ጋስፓር ላይ ነበር። ይህን ጨዋታ እንደ ልጇ ትወደዋለች፤ ምኑ ይጠላል? የትኛውንም በር ብታንኳኳ የሚከፍትልህ ሰው አለ። ዝናቡ እውነተኛ ዝናብ ይመስላል። ዓሣ ሻጯን ከዋሸሃት ወር ቆይታም አትረሳልህም። አዎ፣ መኪኖቹ አንዳንዴ አስፋልት ውስጥ ይሰምጣሉ፤ መጨረሻውም ተጣድፎ ያልቃል። እንከን የሌለው ማን አለ!

"ና፣ እኔ ያስቀመጥኩትን ጨዋታ ክፈት" አለችው። "ሰባ ሰዓት ተጫውቼዋለሁ። በእኔ ላይ አሳየኝ።"

"እንዳይጠፋብሽ መጀመሪያ ቅጂ ልያዝልሽ።"

"ምን ሊሆን? ክፈት አልኩህ።"

ጋስፓር ተቀመጠ። ገበያው ውስጥ ገብቶ መልቀም ጀመረ፤ ቆርቆሮ፣ ሳህን፣ የዓሣ ቅርጫት። ሶሌን ከጀርባው ቆማ አንዴ ስክሪኑን አንዴ ሰዓቱን ታያለች። አምስት ተኩል አለፈ፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆነ። አየህ፣ ምንም የለም ልትለው አፏን ከፈተች።

"አሁን አስቀምጬ ልዝጋው" አለ ጋስፓር።

ዘጋው። መልሶ ሲከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቆየ። ከዚያ አንድ መስመር ጽሑፍ ወጣ፤ የተቀመጠው ጨዋታ ተበላሽቷል፣ ሊከፈት አይችልም።

"ድጋሚ ሞክር።"

ሞከረ። ያው ነው።

ሶሌን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ምሽቷን የምታሳልፈው እዚያ ከተማ ውስጥ ነበር። ወደቡ ዳር አንድ ክፍል ቤት ነበራት። ከዓሣ ሻጯ ጋር ለመታረቅ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። ለጨዋታ ማልቀስ አሳፈራት፤ ግን ሆዷ ባባ፣ ከልቧ ከፋት።

"ይቅርታ" አለ ጋስፓር አንገቱን ደፍቶ።

"አንተ ምን አጠፋህ? እኔ ነኝ ቅጂ አትያዝ ያልኩህ።" አፍንጫዋን ጠረገች። "እነዚያስ ማን ይነግራቸዋል?"

"እነማን?"

"ገዝተው ቤታቸው የሚወስዱት።"

ለስድስት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ሲቀር ስልኳ እንደገና ጮኸ፤ ፍራፒየ ነው።

"አታነሺውም?"

"ቆይ" አለችው። እስክሪብቶውን ከእጁ ወስዳ ከጋስፓር ስም ሥር ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። ከዚያ ስልኩን አነሳች።